ከፋይ፣ የወርቅ ክርና የቀኝ ዓይኔ

ዕድሜያችሁ ከሃምሳ አልፎ፣ ለዓመታት ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቅቷችሁ ከኖራችሁ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ክሩ በራሱ ጊዜ ሽው ብሎ ከገባላችሁ፣ እባካችሁ በግ አትረዱ። እኔ አርጃለሁ። በጉ የሰባ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ በልቶ መርቆኛል። ያ ሁሉ ምርቃት የደረሰው ግን ለበሽታዬ ነበር።

አያሌው እባላለሁ፤ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ ካባ ሰፊ ነኝ። ካህናት በበዓል የሚደርቡትን፣ ሙሽሮች በተክሊል ቀን የሚለብሱትን ካባ፣ ታቦት ሲወጣ የሚዘረጋውን ጥላ እሰፋለሁ። ከእኔ ሌላ ሰፊ የለም አልልም፤ አለ፤ ሥራውን አይታችሁ ፍረዱ። ባለቤቴ እንጉዳይ "ጉራህን ቀንሰህ ሰው የሚጠቅመውን ጻፍ" ብላኛለችና ወደ ሕመሜ ልግባ።

ሕመሜ እንዲገባችሁ ግን ስለ ጨርቅ ትንሽ መስማት አለባችሁ። ሥራዬ ስፌት ይባላል እንጂ ከብርሃን ጋር መነታረክ ነው። ከፋይ ብርሃን ሲያርፍበት ውጦ ያስቀረዋል፤ ጠጉሩን ወደ ታች ብትዳብሱት ትንሽ ይመልሳል፣ ወደ ላይ ብትዳብሱት ይጠቁራል። ሳቲን የመጣለትን ሁሉ መልሶ ፊታችሁ ላይ ይወረውረዋል። ነጠላ ግማሹን ያሳልፋል፣ ግማሹን ያስቀራል። የወርቅ ክር ደግሞ ብርሃኑን ቆራርጦ በየአቅጣጫው ይረጨዋል። ጥሩ ካባ ማለት በጨለማው ቤተ መቅደስ አንድ ጧፍ ሲበራ ከፋዩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ወርቁ ብቻውን ብቅ የሚልበት ነው። ይህን ስሠራ ስለኖርኩ ብርሃን ምን ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን የማላውቀው የለም ብዬ አምን ነበር። ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያገኘው ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም፤ ማንስ ያስባል?

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ወገቤን አሞኝ ጠበል ስጠመቅ ሰነበትኩ። ወገቤ እንደነበረ ነው። አንድ ጠዋት ግን መነጽሬን ፍለጋ ሳልሄድ ክሩን ወደ መርፌው ብሰደው ገባ። አወጣሁትና ደገምኩት። አሁንም ገባ።

"እንጉዳይ! ነይ እዪ!" አልኩ።

መጥታ አየች። "ለወገብህ ሄደህ ዓይንህን ሰጡህ?" አለችኝ።

በዚያ ሳምንት በጉን አረድኩ። መነጽሬን ለጎረቤታችን ለአንድ ሽማግሌ አወረስኳቸው። ለገበያተኛው ሁሉ ወጣትነቴ እንደተመለሰ አወራሁ። ጠበሉ ምንም አላጠፋም፤ ያልሠራውን ሥራ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ቅርቡ ሲጠራልኝ ሩቁ እየደበዘዘ እንደሄደ ልብ አላልኩም። የማውቀውን ሰው በመንገድ ሰላም ሳልል አልፍ ጀመር፤ "አያሌው ኮራ" ተባለ። ይህን ስሰማ ደግሞ ከሩቅ ያየሁትን ሁሉ ሰላም ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ነጭ ሻሽ ጣል ያደረጉ አሮጊት መስለውኝ ጎንበስ ብዬ "እንዴት አደሩ እማማ" ያልኩት የውኃ በርሜል ሆኖ ተገኘ። ክዳኑ ላይ ነጭ የማዳበሪያ ጆንያ ተዘርግቶበት ነበር።

ከዚያ በጦርነቱ ምክንያት ጠፍቶ የቆየው መብራት ተመልሶ መጣ። የሱቄን አምፖል ሳበራ በዙሪያው ቀለበት አየሁ፤ በውስጥ ሰማያዊ፣ በውጭ ቀላ ያለ። እኔና መብራት ከተለያየን ስለቆየን አምፖል ተሻሽሎ የመጣ መሰለኝ። "ይህ አዲሱ አምፖል ቀለም ያወጣል" ብዬ አምፖሉን የሸጠልኝን ባለ ሱቅ ብጠይቀው ሰውዬው አምፖሉን አገላብጦ አይቶ እኔንም አገላብጦ አየኝ። ቀለበቱ ግን ጧፍ ላይም መጣ። ፋኖስ ላይም መጣ። በመጨረሻ ሰው ላይ መጣ።

ሰውዬው የንስሐ አባቴ ቄስ አድማሱ ናቸው። አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከገብስ ገበያ ሲመለሱ አህያቸውን ደጅ አቁመው ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ፀሐይዋ በስተኋላቸው ነበረች። ቀና ብዬ ሳይ በራሳቸው ዙሪያ ክብ ብርሃን አለ። በግድግዳ ላይ ቅዱሳን እንደሚሳሉት ያለ፣ ክብ፣ ጠርዙ ወርቅማ። የያዝኩትን መቀስ ጥዬ ተንበረከክሁ።

"ምን ጣልክ አያሌው?" አሉኝ።

"አባ፣ በራስዎ ዙሪያ ብርሃን አለ።"

"ምን ዓይነት ብርሃን?"

"እንደ ሥዕሎቹ። ክብ ነው።"

ቄስ አድማሱ ቀልደኛ ሰው ናቸው፤ የዚያን ጊዜ ግን አልሳቁም። "ቆይ፣ እንዳትነሣ" አሉኝ። ከበሩ ዞር አሉ፤ አህያዋን ጎትተው እሳቸው በቆሙበት አቆሟት።

"አሁንስ?"

አየሁ። አላት። ጆሮዎቿ ሳይቀሩ በብርሃን ተከበዋል።

"አባ... እሷም አላት።"

"አየህ፣" አሉ ቄስ አድማሱ፣ "ወይ እኔና አህያዬ አብረን ጸድቀናል፣ ወይ አንተ ታመሃል። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። እሷንም አውቃታለሁ፤ ትናንት የሰው ገብስ ስትበላ ተይዛለች። ነገ ሐኪም ቤት ሂድ።"

ለማንም አልናገርም ብለው ነበር። በማግስቱ ግን የማውቀውም የማላውቀውም ሰው አስቁሞ ስለ አህያዋ ጤንነት ይጠይቀኝ ጀመር።

ሐኪም ቤት ከመሄዴ በፊት አንዲት የግል ክሊኒክ ገባሁ፤ ቅርብ ስለሆነች። ጠዋት ገብቼ እስከ ምሳ ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት ጥርሷን ይዛ ታቃስታለች፣ ማዶ ያለው ሰውዬ ሳሉን ለሁላችን ያካፍላል። ተራዬ ሲደርስ አንድ ጎረምሳ በስልኩ መብራት ዓይኔን አየና "ሥራዎ ምንድን ነው?" አለ። ስፌት አልኩት። "አለርጂ ነው፤ የጨርቅ ብናኝ" አለና ጠብታ ጻፈልኝ። ጠብታው እንባዬን እያወረደ ያቃጥላል። ሲያቃጥል መሥራቱ ነው ብዬ ጨረስኩት፤ ደገምኩት፤ ቀለበቶቹ ከነክብራቸው ነበሩ።

ቀጥሎ በገበያ ቀን መነጽር ወደሚሸጠው ልጅ ሄድኩ። መነጽሮቹን መሬት ላይ ደርድሮ ተራ በተራ አፍንጫዬ ላይ ይሰካልኛል። በአንዱ ገበያው ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። በሌላው መሬቷ ከፍ ብላ መጣችና እርምጃዬን አሳሳተችኝ። በመጨረሻ ጥቁሩን አደረገልኝና "እንዴት ነው አባቴ?" አለኝ። "ምንም አይታየኝም" አልኩት። "ግን ያምርብዎታል" አለኝ። ገዛሁት።

ጠብታውም መነጽሩም ስላልሠራ ጥፋቱ የዓይኔ አይደለም አልኩ። የጠረጠርኩት ሌላውን ሁሉ ነው። የሱቄን የመስኮት መስታወት በአመድ ፈተግሁት። ነጋዴው የማይረባ ከፋይ እያመጣ ነው ብዬ አማሁት። የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ አወጣሁት፤ እዚያ ጭራሽ ባሰብኝ፤ ፀሐይ ስትበረታ ጨርቁም እጄም አንድ ላይ ነጭ ጉም ይሆኑብኛል። እንጉዳይ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና "ብርሃን ሲበዛ የሚጨልምበት ሰው አንተን አየሁ" ብላ ገባች።

ጉዱ የፈላው በደሃናው ካባ ነው። በደሃና አንድ ደብር ለንግሣቸው ካባ አዘውኝ ነበር። ቤቴ ሁለት ጥቅል ከፋይ አለ፤ አንዱ ጥቁር፣ ሌላው ጥቁር ሰማያዊ። በእጄ ስዳብሳቸው አንድ ናቸው፤ ለዓይኔ ደግሞ ሁለቱም ቡናማ ነበሩ። ሰፍቼ ላክሁ። ብዙም ሳይቆይ የደብሩ አለቃ ራሳቸው በበቅሎ መጡ። ካባውን ከአገልግል እንደሚወጣ እንጀራ ቀስ አድርገው አወጡና ሁለት እጃቸው ላይ ዘረጉት።

"አቶ አያሌው፣ ይህ ካባ ሲሄዱ ለሐዘን፣ ሲመለሱ ለደስታ ነው?"

"ምን ሆነ?"

"ፊቱ ጥቁር፣ ጀርባው ሰማያዊ ነው። ቄሳችን ወደ ሕዝቡ ሲዞሩና ወደ መቅደሱ ሲዞሩ ሁለት ሰው ይመስላሉ።"

እኔ ደግሞ አላምንም። "የብርሃኑ አጣጣል ነው፤ ከፋይ እንዲህ ነው" አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። አለቃው ትዕግሥተኛ ሰው ናቸው። ካባውን ደጅ አወጡት፣ ዛፍ ጥላ ሥር አደረጉት፣ መልሰው አስገቡት። በሄዱበት ሁሉ ሰው ተከተላቸው፤ ሁሉም ጥቁርና ሰማያዊ ነው አለ። አንዲት የአራት ዓመት ሕፃን ሳትቀር። አዲስ ሰፍቼ ለመስጠት ቃል ገብቼ ሸኘኋቸው፤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። አስካል አንድያ ልጄ ናት፤ ፃግብጂ ወረዳ ታስተምራለች። ከፋሲካ በኋላ በተክሊል ልትጋባ ቀን ተቆርጦ ነበር። ያቺ ልጅ ገና ዳዴ ከምትልበት ጊዜ ጀምሮ የሠርግ ካባዋን የምሰፋው እኔ እንደሆንኩ ሳላወራ የዋልኩበት ቀን የለም። የሰቆጣን ሙሽሮች ሁሉ ያለበስኩት ለእሷ ስለማመድ ነው እል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጣ ከሱቁ ጓሮ ስልክ ታወራለች። አንድ ቅዳሜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታወራ ሰማኋት።

"አዎ፣ ሁለት ካባ። የሙሽራና የሙሽሪት። ከወልዲያ በመኪና ላኩልኝ፤ ኪራዩን በአካውንት አስገባለሁ። አባቴ እንዳይሰማ።"

ጆሮዬ ደህና ነበረ። የዚያን ቀን እሱም በታመመ ብዬ ተመኘሁ። ካባ ሰፊው አያሌው ልጁን በኪራይ ካባ ሊድር ነው! ቅስሜ ተሰበረ፤ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አስካል ገብታ ስታየኝ ስልኩን እጇ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"አባባ፣ እንዳታዝን ብዬ ነው።"

"አሁን ደስ አለኝ?"

አጠገቤ ተቀመጠች። "ይህን ቀሚስ ለብሼ ስመጣ ምን አልከኝ?"

"ቡናማው ያምርብሻል አልኩሽ።"

"ወይን ጠጅ ነው አባባ።" እጄን ያዘችኝ። "የማንንም ካባ አልፈልግም፤ የአንተን ነው የምፈልገው። ግን እያየህ የሰፋኸውን። ታከምና ስፋልኝ።"

ሰው የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ሐኪም ቤት ይሄዳል። እኔ እልህ ያዘኝ። አሳያታለሁ ብዬ ነጭ ከፋይ ቆረጥኩና በማግስቱ ጥልፉን ጀመርኩ። ጠዋት እጠልፋለሁ፣ ከሰዓት እጠልፋለሁ፤ መርፌው ከጨርቁ ይልቅ አውራ ጣቴን ይመርጣል። ደረቱ ላይ መስቀል፣ በግራና በቀኝ የወይን ሐረግ። ስጨርስ ለእንጉዳይ ሰጠኋትና ፊቷን ጠበቅሁ፤ ፊቷ ስለማይታየኝ ድምፅዋን ጠበቅሁ ማለት ነው። እንጉዳይ ካባውን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች፤ ተመለሰች፤ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስገባችው። አንድ ቃል አልተናገረችም።

ሚስቴ ስትሰድበኝ ነው የኖርነው። ዝም ስትለኝ ፈራሁ። በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። የዓይን ክፍሉ በር ላይ ያለው አግዳሚ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ግማሹ የሚያየው ግማሹን ይመራል። አጠገቤ የተቀመጠው ኪሮስ የሚባል የአበርገሌ ሰው ነው፤ ሁለቱም ዓይኑ ከነጣ ቆይቷል። ቆላ ወርዶ የማያውቅ ብርድ አገኘኝ እያለ ጋቢውን ይከናነባል።

"አንተ ስማ፣" አለኝ፣ "ዓይንን አውጥተው በሳሙና አጥበው ነው አሉ የሚመልሱት።"

"ማን አለህ?"

"የአጎቴ ልጅ።"

"እሱ ታክሞ ነው?"

"ኧረ እሱስ ፈርቶ ቀረ!" ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። "እኔ የፈራሁት ሌላ ነው። ሲመልሱት ወደ ውስጥ ዞሮ ቢገባስ? ዕድሜ ልኬን የራሴን አንጎል ሳይ ልኖር?"

ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ግን እኔም ይህንኑ ማሰብ ጀመርኩ። ኪሮስ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ጸሎቱን ጀመረ፣ እኔም በአማርኛ ተከተልኩት፤ ከሁለት አንዱ ይሰማል ብለን።

ሐኪሟ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። ጨለማ ክፍል አስገባችኝ፣ "አባቴ፣ አገጭዎን እዚህ ያስደግፉ" አለችና ቀጭን ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ሰደደች። ብዙ አላየችም።

"የዓይን ሞራ ነው። ሁለቱም ላይ አለ፤ ቀኙ ብሷል።" ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። "ከዓይናችን ጥቁር ክብ ኋላ ሌንስ አለች፤ ጥርት ያለች ናት። ጥሬ የእንቁላል ነጩን ያውቁታል? ወዲያ ማዶ ያሳያል። ሲቀቀልስ?"

"ልጄ፣ በዐቢይ ጾም ስለ እንቁላል ታወሪያለሽ?"

"ጾም የማያውቀው ዓይንዎ ነው፤ ውስጡ ያለው ተቀቅሏል።" ሳቀች። "ብርሃን ጥርት ያለ መስታወት ሲያገኝ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ደብዛዛ ነገር ሲያገኝ ግን ይበተናል። መብራት ዙሪያ ቀለበት ያያሉ?"

"አህያ ዙሪያም አይቻለሁ።"

ይህን ዘለለችው። ሞራው እየበሰለ ሲሄድ ቢጫ እንደሚሆን፣ ነጩን ቢጫ፣ ሰማያዊውን ጥቁር እንደሚያስመስል ነገረችኝ። ነጠላ በብርሃን ላይ ሲጋረድ የሚሆነው ነው አልኳት። "በትክክል። እርስዎ ነጠላውን ዓይንዎ ውስጥ ለብሰውት ነው" አለች። ከዚያ ክሩ በመርፌው የገባበትን ምክንያት ጠየቅኋት። ሌንሷ ስትጠጥር ለጊዜው ለቅርብ እንደምትረዳ፣ ብዙ ሰው ዳንኩ ብሎ የሚዘናጋው በዚህ እንደሆነ ነገረችኝ።

"ታዲያ በጉ?" አልኩ።

"የቱ በግ?"

ነገርኳት። ሐኪሟ ግንባሯን መሣሪያው ላይ ደግፋ ሳቀች፤ ነርሷ ምን ተፈጠረ ብላ በሩን ከፈተች።

እኔ ግን መሳቁ አልሆነልኝም። "ብትነኩትና ጨርሶ ቢጠፋስ?" አልኳት። ለልጄ ካባ ልሰፋ ቃል እንዳለብኝ፣ ያለ ዓይን እኔ ምንም እንዳልሆንኩ ነገርኳት። አልዋሸችኝም። "አደጋ የለውም አልልዎትም፤ አለው፣ ትንሽ ነው። ከተዉት ግን መታወርዎ አይቀርም" አለች። ፈረምኩ። ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ ቢላዋው፣ ስለ ኪሮስ አንጎል ሳስብ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

የቀዶ ሕክምናው ክፍል ውስጥ ዓይኔን አደነዘዙና ፊቴን በጨርቅ ሸፈኑት፤ ለዓይኔ ብቻ ቀዳዳ አለው። ነርሷ እጄን ይዛ "ማሳል ካማረዎ ይጨብጡኝ" አለችኝ። በዚያ ቀን ካገኘሁት ደግነት ሁሉ ያቺን እጅ አልረሳትም። ሐኪሟ ስትሠራ ቢላዋ አላየሁም፤ ያየሁት ቀለም ነው። ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ እያንዳንዱ በሌላው ላይ ይፈስሳል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ቢሸጥ ስንት እገዛ ነበር እያልኩ ሳለ ጣቴ የሸፈኑኝን ጨርቅ ጠርዝ አገኘው።

"ይህን ማን ነው የሰፋው?" አልኩ። "ጠርዙ አልተዘመዘመም እኮ።"

"አባቴ፣ ሲናገሩ ራስዎ ይንቀሳቀሳል።"

"እኔ በነጻ እዘመዝምላችኋለሁ።"

"አባቴ!"

ጥቂት ቆይታ "ጨረስን" አለች። የደበዘዘችውን አውጥታ ሰው የሠራት ጥርት ያለች ሌንስ ተክታልኛለች።

በማግስቱ ጠዋት ዓይናችንን የታሸግን ሁሉ አግዳሚው ላይ ተደረደርን። ነርሷ ከወዲያ ጫፍ ጀምራ ፋሻውን ትፈታለች፤ አንዱ ይስቃል፣ ሌላው እልል ይላል። ኪሮስ ከእኔ በፊት ተፈታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ መሰለኝ፣ "አያሌው ማለት አንተ ነህ?" አለኝ። "በድምፅህ ረጅም ሰው አድርጌህ ነበር።"

የእኔ ተፈታ። መጀመሪያ ያየሁት የነርሷን ጋወን ነው፤ ሰማያዊ! ሰማያዊ ማለት እንዲህ ነበር ለካ። ያልታከመውን ግራ ዓይኔን ስከፍት ግድግዳው የሻይ ቀለም ነው፤ በቀኙ ሳየው ወተት ነው። እየቀያየርኩ ሳይ ሳላስበው እንባዬ መጣ፤ ነርሷ "እንዳያሹት!" ብላ እጄን ያዘችኝ። ከነርሷ ኋላ እንጉዳይ ቆማለች፣ ነጠላዋን ተከናንባ። ነጠላው እንደ ጥጥ ነጭ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ "ይህን ነጠላ እጠቢው፣ ቢጫ ሆኗል" እያልኩ ቁም ስቅሏን ሳሳያት ኖሬያለሁ።

የማየው ምን እንደሆነ ገብቷታል። "አሁንስ?" አለችኝ። "ታጥቧል?"

"ታጥቧል" አልኩ።

ቤት ስንገባ ካባውን ከሣጥን አወጣሁት። በስተቀኝ ያለው ሐረግ በወርቅ ክር ተጠልፏል፤ በስተግራ ያለው በብር። መስቀሉ ነፋስ እንደገፋው ዛፍ ተንጋድዷል። እንጉዳይ ለምን ዝም እንዳለች ያኔ ገባኝ። ፈትቼ ልሥራው ብዬ መርፌ አነሣሁ፤ ክሩን ሰደድኩት፤ ቀዳዳው የለም! አዲሷ ሌንስ የተሠራችው ለሩቅ ነው። የማዶውን ተራራ ቁጥቋጦ እቆጥራለሁ፣ እጄ ላይ ያለውን መርፌ ግን አላየውም። የማንበቢያ መነጽር የሚታዘዝልኝ ቁስሉ ሲድን ነው ተብያለሁ፤ እስከዚያ ማጎንበስ፣ አቧራ፣ ስፌት ክልክል ነው። ስግደት እንኳ ተከልክዬ ቄስ አድማሱ "ዘንድሮ ቆመህ ጸልይ፤ የአንተን እኔ እሰግድልሃለሁ" ብለውኛል። ሠርጉ ደግሞ ደርሷል።

አስካል በፋሲካ ዕረፍት መጣች። ካባውን አገላብጣ አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠችና መፍቻውን አነሣች።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ልፈታው። ልጅ ሆኜ ያስተማርከኝን የረሳሁ መሰለህ? አንተ ከዚያ በር ላይ ተቀመጥና ንገረኝ።"

እንዲህ ሆነ። እኔ አሁን የሚያሳየኝን ጥቁር መነጽሬን አድርጌ ከበሩ አጠገብ፣ እሷ ከመኪናው ላይ። ስትጠልፍ እጇን እንጂ ክሩን አላየውም፤ ዘርግታ ስታቆመው ግን ከወዲያ ጥግ አንዲት የተዛባች ስፌት አታመልጠኝም። ብርሃን ከመስኮት ሲገባ ወርቁ የት እንደሚበዛ፣ ከፋዩ የት እንደሚያስተኛው እየነገርኳት ዋልን። "ግራው ወርዷል" እላለሁ። "አልወረደም" ትላለች። "ወርዷል። ፍቺው።" ትፈታለች። "አሁንም ወርዷል" ስላት "አባባ፣ ዝም ካላልክ ወልዲያ እደውላለሁ" ትለኛለች። ጎረቤቶች እየመጡ ሙሽራ የራሷን ካባ ስትሰፋ የት ታይቷል ብለው ተሳለቁ። እንጉዳይ "እዚህ ቤት ታይቷል" ብላ ሸኘቻቸው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ይህን የጻፍኩት ለምክር ነውና ምክሬን ልናገር። ዓይናችሁ ሲደበዝዝ አምፖሉን አትማረሩ፣ ነጋዴውን አትሙ፣ ሚስታችሁን ነጠላ አታሳጥቡ። ድንገት ሲሻላችሁም ተመርመሩ። ዓይንን አውጥተው አያጥቡም፤ ኪሮስ ምስክር ነው፣ አሁን ፍየሎቹን በየቀለማቸው ይጠራል። ፈርታችሁም ቢሆን ሂዱ፤ እኔም ፈርቼ ነው የሄድኩት።

የሠርጉ ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ገና በማለዳ ሞልቶ ነበር። እኔ ከወንዶቹ መካከል፣ ከኋላ፣ ዓምዱ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሙሽሮቹ ጧፍ ይዘው ከፊት ቆሙ። ነጩ ከፋይ ብርሃኑን ለስልሶ ያዘው፤ ሐረጉ በግራም በቀኝም ወርቅ ነው፤ ልጄ በተነፈሰች ቁጥር ብልጭ ይላል። ከዚያ ዳር እስከዚህ ዳር ሁሉም ይታየኛል፤ የአንገቷ ላብ፣ ከሻሿ ያመለጠች ፀጉር። ጸሎቱ ትንሽ ጋብ ባለበት አስካል ቀስ ብላ ዞር አለች፣ ከሕዝቡ መካከል ፈልጋ አገኘችኝ።

ልጅ ሆና ሱቅ ስትውል አንድ ጠርዝ በጨረሰች ቁጥር ጨርቁን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ፣ ቅንድቧን አንሥታ ታየኝ ነበር። አምሯል ወይ ብላ በአፏ አትጠይቅም። ካደገችም በኋላ ይህን አልተወችም፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን ቀሚሷንም፣ ሻሿንም፣ ያስጠለፈችውን ሁሉ ይዛ ፊት ለፊቴ ስትቆም እኔ ፊቷን አላየሁትም። መልስ ስታጣ ከጊዜ በኋላ መጠየቁን ተወችው። እኔ የተወችው ስላደገች መስሎኝ ነበር።

አሁን ከዚያ ርቀት የካባውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ትንሽ ከፍ አደረገችና ቅንድቧን አነሣች።

ራሴን ነቀነቅሁላት። ፊቷ ሲፈታ አየሁት፤ ከዚያ ወደ ካህኑ ዞረች።